መርፌዋ በወረደች ቁጥር

ትናንት አባቴ ታጥቦ መጣ! በሙቅ ውኃ፣ በሳሙና፤ ጸጉሩ ገና እርጥብ ነበር። እልል ልል ምንም አልቀረኝ፤ ያስታጠበው የእኔ ደብዳቤ ነዋ!

አባቴ የሚሠራው እዚህ እስራኤል፣ ከናታንያ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ፋብሪካ ነው። የዶሮ አንጀት፣ ላባና አጥንት ቀቅለው፣ ፈጭተው የእንስሳት መኖ ያደርጉታል። ሽታውን እንዴት ልንገራችሁ? የከረመ ስብ ከተቃጠለ ላባ ጋር። አውቶቡስ ላይ አጠገቡ የተቀመጠች ሴት አፍንጫዋን ይዛ ትነሣለች። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሲስመኝ ትንፋሼን እይዝ ነበር።

የባሰ የሚያስጠላው ሳይታጠብ የሚመጣበት ምክንያት ነው። ፋብሪካው ከከተማው መብራት ጋር አልተገናኘም፤ ያለው የራሱ ጄኔሬተር ብቻ ነው። ትልቁ የአጥንት መፍጫ ሲነሣ ጄኔሬተሩ ይደክማል፤ ፍጥነቱን የምታሳየው የፍሪኩዌንሲ መርፌ ከሃምሳ በታች ትወርዳለች። ያኔ አንድ ነገር ቶሎ ካልጠፋ ሁሉም ይጠፋል። የአባቴ ሥራ መርፌዋን እያየ ማጥፋት ነው። አለቃው አጥፋ ያለው ግን ዱዱን ነው፣ የሠራተኛውን የመታጠቢያ ውኃ ማሞቂያ! ሲጠፋ ይውልና ማታ ውኃው በረዶ ነው። ያን ስብ ቀዝቃዛ ውኃ አያስለቅቀውም። አለቃው ራሱ ሽቶ ሽቶ እያለ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያቅለሸልሻል!

«ለምን ጥሬው አንጀት የሚቀመጥበትን ማቀዝቀዣ ክፍል አታጠፋም?» አልሁት አባቴን።

«እሱማ ሩብ ሰዓት ቢጠፋ ቅዝቃዜው ንቅንቅ አይልም፤ አይቸዋለሁ።»

«ታዲያ ንገረዋ!»

«አለቃ ያዘዘውን እኔ ላርም? ነውር አይደለም ወይ፣ አንች?»

ሦስት ዓመት ሙሉ ነውር ነው እያለ ገማ!

ለአለቃህ በዕብራይስጥ እጽፍልሃለሁ አልሁት። እሱ በአማርኛ ሲነግረኝ ግማሽ ገጹ ሰላምታ ሆነ፤ የአለቃው ጤና፣ የሚስቱ ጤና፣ የልጆቹ ጤና። ሁሉንም ዘልዬ ሁለት መስመር ጻፍሁ፦ «በዱዱ ፈንታ ማቀዝቀዣ ክፍሉን ለሩብ ሰዓት ላጥፋ። ቴርሞሜትሩን አብረን እንይ።»

«ሰላምታውስ?»

«እዚህ አገር አያነቡትም፣ አባዬ።»

«የባለጌ ደብዳቤ!» አለና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

አለቃው አነበበና «ቤሴደር፣ እሺ፣ እንሞክር» አለ። መፍጫው ተነሣ፣ መርፌዋ ወረደች፣ አባቴ ማቀዝቀዣውን አጠፋ፤ መርፌዋ ተመለሰች። ቴርሞሜትሩ ከቦታው አልተነቃነቀም። ዱዱም እንደ በራ ዋለ።

አሁን አባቴ «እንደ እኔ አፉን የያዘ ሰው ሞልቷል፤ ይምጡ በያቸው» ብሎኛል። ስለዚህ ለአለቃ መናገር የሚያፍር አባት ወይም እናት ያላችሁ፣ ዓርብ ጠዋት ቤት ነን፤ ይዛችኋቸው ኑ፣ ሁለት መስመር እጽፍላቸዋለሁ።