በፊልሙ ውስጥ የነበረው ሽጉጥ

ይህን እስከ ዛሬ ለሰው አውርቼ አላውቅም። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ አሜሪካ ሳለን፣ እጮኛዬ ሰለሞን እናቱ እንዲያዩኝ ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ፣ ቤታቸው ወሰደኝ። እንደ ደንቡ አቀርቅሬ ተቀመጥኩ። በቴሌቪዥኑ የስለላ ፊልም ይታያል።

«የራሺያው ሰላይ የያዘው ማካሮቭ ነው» አለ ሰለሞን።

«አይደለም፤ የማካሮቭ የጥይት ካዝና መልቀቂያው እጀታው ሥር ነው» አልኩ፣ አምልጦኝ።

ሰለሞን ዞሮ አየኝ። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ተማሪ ሳለሁ፣ ለኅቡዕ ድርጅት ሽጉጥ እደብቅ እንደነበር ለእሱ እንኳ አልነገርኩትም ነበር።

«አንቺ ይሄን የት አወቅሽው?» አለኝ።

ጋብቻችን እዚያው የቀረ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

«ተዋት፣ ልክ ናት» አሉ እናቱ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ። «እህትህን ባዘልኩበት አንቀልባ ውስጥ ስንቱን ማካሮቭ አመላልሻለሁ።»