ፖሙን የሚበላው ማን ነው?

ላፍቶ ካለው፣ አትክልተኛ ከነበርኩበት የደጃዝማቹ የፖም አትክልት ቦታ የወሰዱኝ ሁለት ፖሊሶች ናቸው። ዛፍ ላይ ነበርኩ። ውረድ አሉኝ፣ ወረድኩ። እስከ መካኒሳ በእግር ነዱኝና የእህል መጋዘን በነበረ ክፍል ውስጥ ዘጉብኝ። ክፍሉ የአይጥና የሻገተ ገብስ ይሸታል። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

«በምን መጣህ ልጄ?» አሉኝ።

«አላወቅሁም አባባ።»

«እኔስ አውቃለሁ። መሬቴን አለቅም ብዬ ነው። ያ ፖም የተተከለው እኔ እርሻ ላይ ነው።»

ሦስት ዓመት ያንን አፈር ስኮተኩት የማን እንደነበር ጠይቄ አላውቅም።

በማግስቱ መርማሪው ሻምበል አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ስለ ፖሙ ለደጃዝማቹ የጻፍኩት ሪፖርትና ከአትክልቱ የመጣ አንድ ቀይ ፖም አለ። የሻምበሉ ጫማ መስታወት ይመስላል፤ ሲያነብ ግን ፊደሉን በጣቱ ይከተላል።

«‹ከላይ ሲያዩት ያማረ ነው፤ ውስጡ በትል ተበልቷል።›» ቀና አለ። «ትሉ ማን ነው?»

«ትል ነው ጌታዬ። የእሳት እራት እንቁላሏን ትጥላለች፣ ሲፈለፈል ትሉ ፍሬውን ሰርስሮ ይገባል።»

«እራቷስ ማን ናት? ከውጭ ነው የመጣችው?»

«ከችግኙ ጋር ከውጭ ሳትመጣ አልቀረችም።»

አጠገቡ የተቀመጠው ጸሐፊ ይህችን ቶሎ ብሎ መዘገበ። ከዚያ የተዘጋጀ ወረቀት ገፋ አደረጉልኝ፤ ትል ያልኩት መኳንንቱን ነው ይላል።

«ፈርምና ቤትህ ግባ» አለ ሻምበሉ።

ፖሙን አየሁት። ጭራው አጠገብ ቡናማ ብናኝ የተጠራቀመባት ቀዳዳ አለች። «ይፍቀዱልኝ» ብዬ አነሳሁና በሁለት እጄ ፈለጥኩት። ጥፍር የምታህል ቀላ ያለች ትል ወረቀቱ ላይ ወደቀች።

«ይኸው ጌታዬ። እሷን ይጠይቋት።»

ሰው ሲያስገርፍ ዓይኑን የማያሽ ሻምበል ከትል ሸሽቶ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከዚያ ተመልሶ በጥፊ መታኝ። ወረቀቱን ግን አልፈረምኩም።

የተፈለጠውን ፖም ይዤ ተመለስኩ። ከትናንት ጀምሮ ከቆሎ በቀር እህል አላየንም። ደህናውን ግማሽ ለሽማግሌው ዘረጋሁላቸው። ሽታው ምራቃቸውን ሲያስውጣቸው አየሁ።

«ጥፋቱ ያንተ አይደለም ልጄ» አሉኝ። «ግን የገዛ መሬቴን ፍሬ እስር ቤት ተመጽውቼ አልበላም።»

እኔም አልበላሁም። መስኮቱ ላይ አስቀመጥነውና ወፎች በሉት።

አምስት ወር አስቀምጠው ያለ ፍርድ ለቀቁኝ። ሽማግሌውን ከዚያ በፊት ወደ ሌላ ቦታ ወስደዋቸው ነበር፤ ዳግመኛ አላየኋቸውም። ሻምበሉ ሴራ አክሽፏል ተብሎ ሻለቃ ሆነ።

ዛሬ ልጆቼ ያን ሻምበል ትጠላዋለህ ወይ ይሉኛል። ለጥላቻ አይበቃም እላቸዋለሁ። ሽማግሌውን ሳስብ ግን፣ ብቻዬን ብሆንም እንኳ፣ ቀና ብዬ እቀመጣለሁ።