የለባሹ ግራ

ታናሽ እህቴ ሞጣ ጤና ስትማር አናቶሚ ወደቀች። ድጋሚ ፈተናውን ካላለፈች ትምህርቷ አበቃ ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ሲቀራት ቢቸና ወዳለችው ልብስ መስፊያ ቤቴ መጣች። ከቦርሳዋ መጀመሪያ ያወጣችው ሚሞሪ ካርድ ነበር። ኢንተርኔት ቤት ተቀምጣ ያወረደችው ሥዕልና ቪዲዮ፣ ጓደኞቿ የላኩላት በጣት ሲነኩት የሚዞር የሰው አካል፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው።

«እትዬ፣ ስልክሽን ልውረሰው?»

«ውረሽው። ድምፁ ግን ከሞተ ቆይቷል።»

በቪዲዮው ያለው ፈረንጅ አስተማሪ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ እኛ ጣቱን ብቻ እንከተላለን። እናታችን ቆዳ የሌለውን ሰው ባየች ቁጥር ታማትባለች።

«ኧረ አንድ ነገር አልብሱት! ልብስ ሰፊ ቤት ተቀምጦ ራቁቱን!»

እኔ ትምህርት ከሰባተኛ ክፍል ያቆምሁ ሰው ነኝ። ስፌትንም ያስተማረኝ የለም፤ አሮጌ ልብስ እየተረተርሁ ነው የለመድሁት። ለዚህ ይሆናል ያ ሰውዬ ያላስደነገጠኝ። ጡንቻው ተነሥቶ የጎድን አጥንቱ ሲወጣ ገበሩ የተተረተረ ኮት መሰለኝ፤ ወደድሁት።

አንድ ቀን እህቴ ጠመኔዬን አነሣች።

«ተነሽ ቁሚልኝ። ዛሬ ሬሳዬ አንቺ ነሽ።»

«ሬሳሽ ያውራ ወይስ ዝም ይበል?»

«ዝም ይበል!»

በአሮጌ ቀሚሴ ላይ መሣል ጀመረች። ልቤን አልሳተችም። ጉበቴን ግን በግራ ጎኔ አደረገችው።

ሬሳዋ ዝም ማለት አልቻለም። «ጉበቱ ከልቡ ማዶ አልነበረም እንዴ?»

«ይኸው፣ በግራ!» ብላ ስልኩን ዓይኔ ሥር ደቀነችው።

እውነትም በስልኩ ግራ ነው። ያኔ ገባኝ። ስፌት ስጀምር ለአንድ ዘበኛ ኮት ሰፍቼ ነበር። ፊት ለፊቴ አቁሜ ስለለካሁት የደረት ኪሱን በእኔ ግራ፣ በእሱ ቀኝ ለጠፍሁት። ምስኪኑ ሰውዬ ኮቱን ለብሶ ኪሱን ሲፈልግ ደረቱን እንዴት እንደዳበሰ አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ በየቁራጩ ጨርቅ ላይ «የለባሹ ግራ»፣ «የለባሹ ቀኝ» ብዬ በጠመኔ እጽፋለሁ። አንዱን ቁራጭ አንሥቼ አሳየኋት። ከዚያ በስልኩ ያለውን ሰውዬ በጣቴ አዞርሁት፤ ጀርባውን ሰጠን፤ ጉበቱም ወደ ቀኛችን መጣ።

«ፊቱን ወደ አንቺ አዙሮ እኮ ነው የኔ እመቤት። አንቺ ልበሺው እንጂ ፊት ለፊት አትዪው።»

ስልኩን አየች፤ ደብተሯን አየች፤ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ክፍል ውስጥ ነግረውን ነበር እኮ! እትዬ፣ ደብተሬ በሙሉ የተገለበጠ ነው።»

«ስንት ቀን ቀረሽ?»

«አራት።»

«ይበቃል። ኪስ ነቅሎ መለጠፍ ነው።»

አራቱን ቀን እሷ እያዞረች አረመች፤ እኔ ከጎኗ ነጭ ጋውን ሰፋሁላት። ኪሱን ግን ቆርጬ አስቀመጥሁት፤ ሳታልፍ መለጠፉን ፈራሁ። ስልኩን ትታልኝ ወደ ሞጣ ሄደች።

ስንት ቀን እንደጠበቅሁ እንጃ። ስልኬ ስለማይናገር ውጤቱ የመጣው በጽሑፍ ነው። እናታችን በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ፣ «ምን አለች? ኧረ ምን አለች?» ትለኛለች።

«ኪሱን ለጥፊው አለች» አልኋት።