ቱታ የለበሰችው ተማሪ

የልብስ ሰፊዋን ትክክለኛ ስም ደንበኛ አይጠራውም፤ ሁሉም «መርፌ» ነው የሚላት። ቀጭን ናት፣ ስትናገርም ትወጋለች። እኔ ከእሷ የስፌት መኪና ጎን ቆሜ ልብስ እተኩሳለሁ። ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንሠራ ስታለቅስ ያየኋት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም በንዴት።

የቀድሞ ባሏ ጋራዥ አለው። ሲለያዩ ልጃቸው ገና ፊደል አልቆጠረችም ነበር። ያኔ ፍርድ ቤት የተፈራረሙበት ወረቀት፣ ልጅቷ ትምህርት ላይ እስካለች ድረስ አባት ቀለብ ይሰጣል ይላል። ሰጠ እንበል። አንዳንዴ አዘግይቶ፣ ሁልጊዜ በሰው እጅ፣ አንድም ቀን «ልጄ እንዴት ናት?» ሳይል። መርፌ ጥርሷን ነክሳ አሳደገቻት።

ልጅቷ አሥራ ስምንት ዓመት በሞላት ወር ቀለቡ ቀጥ አለ። መርፌ ደወለችለት። ሰውዬው ሲናገር ስለሚጮህ እኔም ካውያዬን ይዤ ሰማሁት።

«ሥራ ይዛ የምን ቀለብ ነው?»

«የምን ሥራ? ኮሌጅ ገብታለች ብዬ አልነገርኩህም?»

«ቱታ ለብሳ፣ እጇ ግራሶ በግራሶ ሆኖ በዓይኔ አይቻታለሁ! ፎቶም አንስቻለሁ። እኔን ልታሞኚኝ ነው?»

ጆሮዋ ላይ ዘጋው። የኮሌጁ ክፍያ ቀን እየቀረበ ነበር፤ ካልተከፈለ ልጅቷ ከመዝገብ ትሰረዛለች። መርፌ ያን ቀን የቆረጠችው ሱሪ አንዱ እግሩ አጥሮ ወጣ። እሷ! ዓይኗን ጨፍና የምትቆርጥ ሴት! መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ በቀጥታ ፍርድ ቤት ሄደች።

በቀጠሮው ቀን እኔም ሱቁን ዘግቼ ተከተልኳት። ሰውዬው ዓይኑን በጨው አጥቦ ቀረበ። ስልኩን አውጥቶ ለዳኛዋ ፎቶ አሳየ፤ ልጅቷ ሰማያዊ ቱታ ለብሳ፣ ከመንገድ ማዶ፣ ከመኪናው መስኮት የተነሳች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉሃል ይሄ ነው። እኔን ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው። ሰው ልጁን ከስንት ጊዜ በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኛት ወርዶ ይስማታል እንጂ ማስረጃ ያነሳታል?

ዳኛዋ ፎቶውን አይተው ቀና አሉ። «ልጅዎ ኮሌጅ ገብታለች ተብለዋል። ምን እንደምትማር ያውቃሉ?»

«ያው... ኮምፒውተር... ጸሐፊነት መሰለኝ።»

ከእናቷ ጎን የተቀመጠችው ልጅ ተነሳች። ከፌስታል ውስጥ ቱታውን አውጥታ ዘረጋችው፤ ደረቱ ላይ የኮሌጁ ስም ተጠልፏል። «ክብርት ዳኛ፣ ይሄ የተግባር ትምህርት ልብሳችን ነው። እናቴ ናት የሰፋችልኝ። የምማረው የመኪና ጥገና ነው።»

ጋራዥ ውስጥ ሃያ ዓመት ቱታ ለብሶ የኖረ ሰው፣ ቱታ መልበስ ጥፋት መስሎት ልጁን ሊወነጅል መጣ!

ዳኛዋ ብዙ አላስጠበቁም። ያቋረጠውን ከክፍያው ቀን በፊት እንዲያስገባ፣ ኮሌጁን እስክትጨርስም ቀለቡን እንዲቀጥል ወሰኑ።

ደጅ ስንወጣ ሮጦ ደረሰብን። ድምፁ ማር ሆኗል። «የእኔን ሙያ? የኔ ልጅ! ምነው ብትነግሪኝ? ነይ እንጂ፣ እኔ ጋራዥ ተለማመጂ!»

ልጅቷ ቱታውን እያጠፈች ነበር። «ያን ቀን አይቼህ ነበር አባዬ። ልነግርህ ነበር። በግራሶ እንዳላቆሽሽህ እጄን በቱታዬ ጠርጌ ወደ አንተ ስሮጥ፣ መኪናህን አስነስተህ ሄድክ።»

መርፌ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። ያለቀሰችው ያኔ ነው።