የድምፅ ፈተና

ከብዙ ዓመታት በፊት በማዘጋጃ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የልመና ፈቃድ በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ፣ አንድ የሴት ድምፅ ይሰማ ነበር። መጀመሪያ እንደማንኛውም ለማኝ ድምፅ ጎላ ያለ ነበር። ከዚያ ዝቅ አለ፤ ከዚያም ይበልጥ ዝቅ አለ፤ በመጨረሻ ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ከትንፋሹ ቀጥሎ የተሰማው የወንዶች ሳቅ ነው።

ያን ሳቅ የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ የሰማችው ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሴት ሆናለች፤ በዚያው ክፍል፣ ከዚያው ጠረጴዛ ኋላ ትቀመጣለች። ክብ ማኅተሙን ለምሳ ስትወጣ እንኳ በቦርሳዋ ይዛው ስለምትሄድ ባልደረቦቿ «ማኅተሟ» ይሏታል።

በዚያ ከተማ በሕዝብ መሬት ላይ፣ አደባባይ ይሁን የመናፈሻ በር፣ ያለ ፈቃድ መለመን ክልክል ነው። ፈቃድ ያገኘ ሰው ካርዱን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ ከባንክ በር ይርቃል፤ የአላፊ አግዳሚውን ልብስ አይጎትትም። ድምፁንም ከፍ አያደርግም። ለዚህ ለመጨረሻው ደንቡ ፈተና አለው፦ አመልካቹ ኃላፊው ፊት ቆሞ እንዴት እንደሚለምን ያሰማል።

የያን ጊዜው ኃላፊ ጫማው መስተዋት የሚመስል ሰው ነበር። «እስቲ ለምኚኝ» አላት እናትየውን። ለመነችው። «ዝቅ አድርጊ፤ ጆሮዬን በጠስሽው።» ዝቅ አደረገች። «አሁንም ዝቅ።» ትንፋሿ ብቻ ሲቀር ወደ ጸሐፊዎቹ ዞረና፣ «ሰማችሁ እንዴ? እኔ አልሰማሁም። ድምፅ የሌለው ለማኝ ደግሞ ምን ይረባል?» ብሎ ማመልከቻዋን መለሰላት።

እናትየው ያለ ፈቃድ በየጓሮው መንገድ ለመነች፤ ደንብ አስከባሪ ባየች ቁጥርም ሮጠች። ልጅቷን ያንገበገባት ግን ሩጫው አልነበረም። እናቷ ከዚያ ቀን ወዲህ በገዛ ቤቷ እንኳ ድምፅዋን አላነሳችም፤ ልጇን ስትጠራት ምስጢር የምትነግራት ይመስል ነበር። በሞተች ዕለትም ልጅቷ ጆሮዋን እናቷ ከንፈር ላይ ለጥፋ፣ «ምን አልሽኝ እማ? ምን አልሽኝ?» እንዳለች ቀረች።

ቂሟን ቋጥራ ተማረች። ማዘጋጃ ቤት ስትቀጠር የተሻለ ክፍል ቢሰጧት አሻፈረኝ አለች። «ሰው ሁሉ መሬት አስተዳደር ካልገባሁ ብሎ ይሞታል፤ አንቺ ለማኞች ጋ!» ብላ የታይፕ ጸሐፊዋ ስቃባታለች። ደንቡ በተሻሻለበት ጊዜ ምክር ቤቱ የድምፅ ፈተናውን ሊሰርዘው ሲል፣ «ይቆይ፤ ይጠቅመናል» ብላ የተሟገተችው እሷ ናት። አለቆቿ ለሕግ የተቆረቆረች መሰላቸው። እሷ ግን አንድ ሰው እንኳ ፈትናበት አታውቅም፤ እንደ ስለታም ቢላ ጠቅልላ ነው ያስቀመጠችው።

ያ የቀድሞ ኃላፊ በጉቦ ከሥራ እንደተባረረ፣ ቤቱን ሸጦ እንደጨረሰ፣ ዘመድ አዝማድ እንደሸሸው በየጊዜው ትሰማለች። በሰማች ቁጥር «ገና ነው» ትላለች በሆዷ።

የካርድ ማደሻ ሰሞን ሰልፉ ክፍሉን ሞልቶ ሳለ መጣ። ክርኑ የሳሳ ኮት ለብሷል፤ ጫማው ግን ዛሬም ተወልውሏል። ከኋላው እማማ ደወል ቆመዋል፤ ድምፃቸው ከመናፈሻው በር እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ስለሚሰማ ነው ይህ ስም የወጣላቸው።

ማኅተሟ ለሽማግሌ ሁሉ «አባባ፣ ይቀመጡ» የምትል ሴት ናት። እሱን ግን፣

«ምን ፈልገህ ነው?» አለችው።

«ፈቃድ ነዋ! እዚህ ሌላ ምን ይሰጣል?»

«የድምፅ ፈተና አለ።»

«ይኼ ነገር እስካሁን አልቀረም?»

«አቆይቼልሃለሁ። በል ለምነኝ።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ስጪኝ!» አለ እንደ ትእዛዝ፤ ዕድሜ ልኩን ሲያዝ የኖረ አፍ ነውና።

«ኧረ ይኼስ ግብር ሰብሳቢ ነው! ሳልከፍል ልሩጥ እንዴ?» አሉ እማማ ደወል፤ ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ።

«ዝቅ አድርግ፤ ጆሮዬን በጠስከው» አለች ማኅተሟ።

«ስለ እግዚአብሔር፣ እህቴ፣ ስጪኝ።»

«አሁንም ዝቅ።»

ዝቅ አደረገ። ሳቁ እየሳሳ ሄደ።

«አሁንም።»

ከንፈሩ ተነቃነቀ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ማኅተሟ ወደ ታይፕ ጸሐፊዋ ዞረች። «ሰማሽ እንዴ? እኔ አልሰማሁም። ድምፅ የሌለው ለማኝ ደግሞ ምን ይረባል?»

ሰውየው ቀና ብሎ ፊቷን መረመረ። «ይህች የኔ አነጋገር ናት» አለ ቀስ ብሎ። «የማን ልጅ ነሽ?»

«እዚሁ ቆማ የለመነችህ ሴት።»

«ብዙ ነበሩ እኮ። የትኛዋ?»

ያን ሁሉ ዓመት ስታልመው፣ እናቷን አስታውሶ ሲርበተበት ነበር የሚታያት። የትኛዋ ብሎ ይጠይቃል ብላ አንድ ቀን እንኳ አላሰበችም። ደሟ ፈላ። ማመልከቻውን በጣቷ ጫፍ ገፋችለት።

«ወድቀሃል። ለከርሞ ተመለስ።»

«ለከርሞ? እስከዚያ ምን በልቼ?»

«እናቴም ይህን ጠይቃህ ነበር። ቀጣይ!»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና በሰልፉ መሐል አልፎ ወጣ። ማንም መንገድ አልከለከለው፤ ማንም ደግሞ አላየው። የማኅተሟ ልብ ቅቤ ጠጣ። ፈገግ አለች።

እማማ ደወል ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። ከንፈራቸው ተነቃነቀ።

«ምን አሉኝ እማማ?»

«ለማደስ ነው የመጣሁት... እመቤቴ» አሉ በሹክሹክታ። እስከ ዛሬ «አንቺ ልጅ!» ነበር የሚሏት። «እንዲህ ይበቃል? ወይስ አሁንም ዝቅ ላድርግ?»

«እርስዎን ማን ፈተነዎት? እንደ ልብዎ ይናገሩ እንጂ!»

«አቆይቼልሃለሁ ስትዪው በጆሮዬ ሰማሁ» አሉ፤ አሁንም በሹክሹክታ።

ማኅተሟ ካርዱ ላይ ማኅተሙን አሳረፈችና፣ «ይኸው እማማ፣ ይኸው ታደሰልዎ» አለች፤ አንድ ቃል ቢወረውሩላት ብላ ዓይን ዓይናቸውን እያየች።

እማማ ደወል ካርዳቸውን አንገታቸው ላይ አጠለቁ፤ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉና ደህና ዋይ እንኳ ሳይሉ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ከክፍሉ ወጡ።