የማዳሚሽ እርጎ

በፋርሱ ንጉሥ በሱሳ ቤተ መንግሥት፣ በሴቶቹ ግቢ፣ ማዳሚሽን የማይፈራ ድመት እንኳ አልነበረም። ከሱፍ ፈታዮች ቤት የመጣች ሞግዚት ናት። የራሷን ልጅ በወለደች በሳምንቱ ቀብራ፣ ያጋተ ጡቷን ለንጉሡ ወንድም ለልዑል አርሻካ ልጅ ለሮዳጋ ሰጠች። ሮዳጋ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷት እንኳ ማዳሚሽ ሾርባዋን እፍ እያለች ታበርድላት ነበር።

የጋብቻው ነገር ሲመጣ ፈላጊዎቹ ሁለት ሆኑ። አንደኛው የባክትርያው ገዥ ልጅ ዊሽታና ነው፤ ወጣት፣ ፈረሰኛ፣ አገሩ ግን የሦስት ወር መንገድ። ሁለተኛው ሽማግሌው ባጋፓታ ነው፤ ቤቱ ከግቢው አጥር ጥግ። ቦርጩ ከሱ ግማሽ ቀን ቀድሞ ይደርሳል፤ ሲያንኮራፋ የሱሳ ፈረሶች ገመድ ይበጥሳሉ።

የቤቱ ሽማግሌዎች እንደ ደንቡ ማታ እየጠጡ መከሩ። ስምንተኛው ጋን ሲነጥፍ ሮዳጋን ለባጋፓታ ሰጧት፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚያስታውስ የለም። ሮዳጋ ግን ሣቀች።

«አይዞሽ እማዬ፤ ነገ ጠዋት ስካሩ ሲለቃቸው እንደገና ያነሡታል፤ ያኔ ያፍሩበታል። ሰክረውም ሳይሰክሩም ካልተስማሙበት መች ይጸናል? ዊሽታና ሲጋልብ አይተሽዋል?»

አይታዋለች። ማዳሚሽ ያየችው ግን ፈረሱን ሳይሆን መንገዱን ነው። የሷ ጉልበት እንኳን ባክትርያ፣ ወንዝ ዳርም አያደርሳትም።

ጠዋት ለሽማግሌዎቹ የራስ ምታት ማብረጃ እርጎ የምታቀርበው እሷ ነበረች። በዚያ ቀን በየዋንጫው ከእርጎው የበዛ የተምር ጠጅ ቀላቀለችበት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ እርጎ ዛሬ ምን ነክቶታል?» አለ ታላቁ ሽማግሌ ጺሙን እየላሰ።

«አዲስ የወለደች ላም ናት ጌታዬ።»

«ተባረኪ በያት! ድገሚኝ!»

ሦስት ጊዜ ደገመቻቸው። ተቃቅፈው ባጋፓታን መረቁ፤ ነገሩ ጸና።

ሮዳጋ ብትሰድባት፣ ብትጮህባት በቀለላት ነበር። ልጅቱ ግን ጭኗ ላይ ተኝታ፣ «አንቺ አጠገቤ ባትሆኚ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለቻት። ከዚያ ወዲያ ማዳሚሽ እህል አልወርድ አላት። ላም እምቧ ባለች ቁጥር «ውሸታም» ያለቻት ይመስላት ጀመር፤ በሱሳ ደግሞ ላም አይታጣም።

በሠርጉ ቀን ባጋፓታን ሁለት ሰው ደግፎ አስነሣው። የሙሽራዋን እጅ ይዞ ሊስማትና የራሱ ሊያደርጋት ጎንበስ ሲል፣ ማዳሚሽ ልዑሉ እግር ላይ ተደፋች።

«ጌታዬ፣ ያን ጠዋት ከሽማግሌዎቹ አንዳቸውም ከስካር አልወጡም! እርጎው ውስጥ ጠጅ ነበረበት።»

«ላሟስ?» አለ ታላቁ ሽማግሌ።

«ላም የለችም ጌታዬ።»

ሽማግሌው ዘመድ የሞተበት ያህል አዘነ።

«ለምን?» አለ አርሻካ።

«ርቃ እንዳትሄድብኝ።»

ሮዳጋ እጇን ከባጋፓታ እጅ አወጣች፤ ማዳሚሽን ግን ዞር ብላ አላየቻትም።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ከውሃ በቀር ሳይቀምሱ መከሩ፤ ለዊሽታና ትሰጥ አሉ። ባዶ ሆድ የወሰነው ደግሞ በመጠጥ መጽናት አለበት። አርሻካ ሞግዚቷን አስጠራ።

«ዛሬ ማታ የምትቀጂው አንቺ ነሽ። ቅጣትሽ ይኸው ነው።»

አመሻሹ ላይ ማዳሚሽ በቀኟ የወይን ጠጁን፣ በግራዋ የማቅጠኛውን ውሃ ማሰሮ ይዛ አዳራሹ ደረጃ ላይ ቆመች። ውሃው ከበዛ አይሰክሩም፤ ካልሰከሩ ነገሩ አይጸናም፤ ካልጸና ሮዳጋ አትሄድም። ከደረጃው ሥር ካለው መጋረጃ ኋላ የሮዳጋ ጫማ ጫፍ ይታያል፤ ምንም አይንቀሳቀስም።

ማዳሚሽ የግራ እጇን ማሰሮ ደረጃው ላይ ገለበጠችው። ውሃው እየፈሰሰ ወርዶ የጫማውን ጫፍ ነካው።

«ጠጡ ጌቶቼ» አለች፤ ዋንጫውን አፍ እስከ ገደፉ ሞላችላቸው።

«እህ!» አለ ታላቁ ሽማግሌ ቀምሶ። «ያቺ ላም ትዝ አለችኝ!»