ፀሐይዋ ስትጠልቅ የበላሁት እራት

እናቴ የሞተች ቀን እኔ ጣልያን አገር ጀልባ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ እስክትጠልቅ እጠብቅ ነበር። ይህን ለሰው ስናገር «ምን ታደርግ፣ አላወቅክ» ይሉኛል። እኔም ዝም እላለሁ። ዝም የምለው ሐዘን ስለያዘኝ ይመስላቸዋል።

የፓስታ ፋብሪካ መካኒክ ነኝ። ፋብሪካችን አዲስ ማሽን ሲገዛ ሻጮቹ አንድ ባለሙያ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና እንዲላክላቸው ጠየቁና ዕጣው ለእኔ ወጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰፈሩን ሁሉ ዞሬ አወራው ነበር። ያን ጊዜ ግን የእናቴ ልብ ደክሞ፣ ደረጃ መውጣት ቀርቶ ነጠላዋን ማጣፋት ያደክማት ጀምሮ ነበር። አልጋዋን ከጓዳ አውጥተን ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር አድርገንላታል። ቤታችን ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ብዙም አይርቅም። የረዳቶቹ ጩኸት ቀኑን ሙሉ ይገባል። መስኮቱን ልንዘጋላት ስንል ትቆጣለች። «ተዉት፣ ‹አየር ጤና! አየር ጤና!› ሲሉ ካልሰማሁ የሞትኩ ነው የሚመስለኝ» ትላለች።

አልሄድም አልኳት።

«ሂድ ባክህ! አንተ እዚህ ተገትረህ ስታየኝ ነው የሚብስብኝ» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ግን እጄን ያዘችና ቀልዱን ተወችው። «እስክትመለስ አልሞትም። ከሞትኩ ግን አፈሩን መጀመሪያ የምታለብሰኝ አንተ ነህ። አባትህን አንተ ነህ ያለበስከው፤ እኔንም አንተ። ሌላ ሰው እንዳይቀድምህ።»

«እሺ» አልኳት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

ሻንጣዬን ይዤ በር ላይ ስደርስ ደግሞ ጠራችኝ። ሥልጠናው ሲያልቅ ባሕር እንደሚያሳዩን ነግሬያት ነበር። እናቴ ባሕር አይታ አታውቅም፤ እኔም አላየሁም። «ፀሐይዋ ውኃው ውስጥ ስትገባ፣ ፍም ውኃ ላይ ሲወድቅ እንደሚለው ቸስ ትላለች እንዴ? ቀርጸህ ላክልኝ፣ ልስማው» አለችኝ። እየሳቀች ስታስል ተውኳት።

ከእሷ ጋር የምትኖረው ታናሽ እህቴ ናት። እህቴ ሳትምል አታወራም። ሽንኩርት ተወደደ ለማለት «እማዬ ትሙት» ትላለች፤ ታክሲ አጣሁ ለማለት «እማዬ ትሙት» ትላለች። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና «አንቺ ልጅ፣ በቀን ስንቴ ነው የምትገድዪኝ?» ትላታለች። ሦስታችንም እንስቃለን። የቤታችን ሳቅ በአብዛኛው ይኸው ነበር።

ሥልጠናው አለቀ። በመጨረሻው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከየአገሩ የመጣነውን ሰልጣኞች በአውቶቡስ ጭነው ወደ ባሕሩ ይዘውን ወጡ። አስጎብኚያችን ቢጫ ጃንጥላ የያዘች፣ ድምፅዋ የማይሰለች ሴት ናት። የቀኑን ፕሮግራም ነገረችን፦ መንደሮቹን በእግር፣ ቀጥሎ ጀልባ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ባሕሩ ላይ፣ ከዚያ ውኃው ዳር እራት። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ስልኬ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። እህቴ ናት። ቀን ደውላልኝ አታውቅም፤ ማታ ማታ እኔ ነኝ የምደውለው።

«መቼ ነው የምትመጣው?» አለችኝ።

«ማክሰኞ ጠዋት ነዋ። ታውቂው የለ?»

«አይ፣ ማለቴ… ማሳጠር አይቻልም? ነገ ምናምን መምጣት?»

«ምነው? እማዬ ባሰባት እንዴ?»

«ኧረ ደህና ናት! ናፍቀሃት ነው እንጂ። ደህና ናት፣ ማርያምን!»

ማርያምን አለች። እህቴ በማርያም ስትምል በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።

የእኛ ሰው መርዶ በስልክ አይነግርም። ሰው አገር ላለ፣ ብቻውን ላለ፣ መንገድ ላይ ላለ ሰው ይደበቃል። አገሩ ሲገባ፣ ዘመድ ከብቦት፣ እህል ቀምሶ፣ ከዚያ ነው የሚነገረው። ይህን ሥራ አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ራሴ ሠርቼዋለሁ። ከዐረብ አገር የመጣች የጎረቤታችንን ልጅ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀብዬ፣ አባቷ ጠበል ሄደዋል ብዬ ዓይኗን እያየሁ ዋሽቻታለሁ። ቁርሷን እስክትጨርስ አጠገቧ ተቀምጬ «ብዪ እንጂ» ስላት ነበር። እንዴት እንደሚዋሽ ስለማውቅ እህቴ አፏን ስትከፍት ገብቶኛል።

«እማዬ ትሙት በዪ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሦስት ቃል ናት። እህቴ ሌላውን ሁሉ ትዋሻለች፤ ያን ቀን ያንን መማል ግን አትችልም ነበር። ትንሽ ጠበቀችኝ፤ ትንፋሽዋ ይሰማኛል። እንድጠይቃት ትለምነኝ እንደነበር አሁን ነው የሚታየኝ።

«እንግዲህ ማክሰኞ ነው። ቲኬቱ አይለወጥም» አልኳት።

ይለወጥ ነበር። ገና በመጀመሪያው ቀን የሥልጠናው ኃላፊ ሁላችንንም ሰብስቦ፣ አገር ቤት ችግር ቢፈጠር ንገሩኝ፣ በዚያው ቀን እልካችኋለሁ ብሎናል።

ኋላ እንደሰማሁት፣ እህቴ ስትደውል የዕድራችን ዳኛ አጠገቧ ቆመው ነበር። እናቴ ያረፈችው ንጋት ላይ ነው። ዳኛው «ነገ የሚደርስ ከሆነ አስከሬኑ ሆስፒታል ይደርና እንጠብቀዋለን፤ ማክሰኞ ከሆነ ግን ሩቅ ነው» ብለዋት ነው የደወለችው። እሷ ስልኩን ዘግታ «ማክሰኞ» አለቻቸው። በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀበሯት።

ለምን እንዲህ እንዳደረግኩ ብዙ አስቤበታለሁ። የተወሳሰበ ነገር የለውም፤ ፈርቼ ነው። ከጠየቅኩ ትሞታለች፤ ካልጠየቅኩ እስከ ማክሰኞ አለች። አርባ ዓመት የሞላው፣ ማሽን ፈትቶ የሚገጥም ሰው እንዲህ ያስባል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

መንደሮቹ ቆንጆዎች ነበሩ፤ አልዋሽም። ቤቶቹ ገደሉ ላይ አንዱ በአንዱ ተደርበው ቢጫ፣ ቀይ፣ ሮዝ ተቀብተዋል። በየመስኮቱ እንደ እኛ ኮንዶሚኒየም ልብስ ተሰጥቷል። አስጎብኚያችን ቆም አለችና ዓይናችንን ጨፍነን አየሩን እንድንስብ አዘዘችን። ይህ አየር መድኃኒት ነው አለች። እኔ ነፋስ ዞር ባለ ቁጥር የቆሼን ሽታ እያሸተትኩ ያደግኩ ሰው ስለሆንኩ፣ አየር የሚባል ነገር በልኩ ነው የምስበው። ያን ቀን ግን ሳብኩ። እንደታዘዝኩት እስከ ሆዴ ድረስ ሳብኩ።

ሰዓቱን በኋላ አሰላሁት። በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ሲል እኔ ወደቡ ላይ ቆሜ አስጎብኚያችን የጋበዘችንን፣ ጄላቶ የሚሉትን አይስክሬም እየላስኩ ነበር። ሎሚ ነበር። እናቴ አፈር ስትለብስ እኔ እጄ ላይ የቀለጠውን በምላሴ እጠርግ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ጀልባ። ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ሞተሩን አጠፉት። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ወደ ምዕራብ ዞረ። እኔ ወደ ቤት ደወልኩ። ለምን እንደደወልኩ አላውቅም፤ ምናልባት ደህና ናት የሚል ነገር አንድ ጊዜ ልስማ ብዬ ይሆናል። እህቴ አነሳችው። ድምፅዋ ጎርንኗል።

«ጉንፋን ይዞኝ ነው» አለች ሳልጠይቃት።

ከኋላዋ ብዙ ሰው አለ። ከሰዉ ድምፅ በላይ ግን ሌላ ነገር ሰማሁ፤ የብረት እግር ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት። የዕድራችን አግዳሚዎች ናቸው። ከጎረምሳነቴ ጀምሮ ከመጋዘን ወደ ሐዘን ቤት ተሸክሜያቸዋለሁ፤ አንዱ እግሩ አጭር መሆኑን፣ ሲጎትቱት እንደሚያላዝን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። አሁን ግቢያችን ውስጥ እየተጎተተ ነው።

«ማነው የሚንጫጫው?» አልኳት።

«ጎረቤቶች ናቸው። እማዬን ሊጠይቁ መጥተው።»

እማዬን አቅርቢልኝ አላልኩም። እሷም ላቅርብልህ አላለችም። ሁለታችንም አግዳሚውን ሰማን። «በል ተዝናና» ብላ ዘጋችው።

ፀሐይዋን ቀረጽኳት። ድምፅ አልነበራትም። ቸስም አላለች። ቀይ ሆና ወርዳ ጠፋች፤ ሰዎቹ አጨበጨቡ። ቪዲዮውን ለእህቴ ላክሁት፤ «ለእማዬ አሳዪልኝ፣ ቸስ አትልም በያት» ብዬ ጻፍኩበት። የላክሁት ማን እየዋሸ እንደሆነ ሳላውቅ ነው፤ እሷ ወይስ እኔ። መልሱ እራት ጠረጴዛው ላይ ስንቀመጥ ገባ።

«አይታዋለች። ሳቀች።»

ስልኩን በግንባሩ ደፋሁት። ምግቡ መጣ። መጀመሪያ ፓስታ፤ ከልማድ የተነሣ አቆራረጡን በሹካ አንሥቼ ተመለከትኩ። ቀጥሎ ዓሣ መጣ፤ ከነራሱ። አጥንቱን አንድ በአንድ አውጥቼ ሳህኑ ዳር ደርድሬ በላሁት። ዳቦ ጨመሩ፤ በላሁ። አስጎብኚያችን በአጠገቤ ስታልፍ ሳህኔን አይታ ደስ አላት፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋኝ ሄደች። የምግብ ፍላጎቴ እንኳ አልተዘጋም። ቢዘጋ ኖሮ ዛሬ የምይዘው አንድ ነገር ይኖረኝ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ቦሌ የተቀበሉኝ አጎቴ ናቸው፤ የእናቴ ታናሽ። የጎረቤት መኪና ይዘው መጥተዋል። እህቴ የታለች ስላቸው ሥራ ገብታለች አሉኝ። መኪናው አየር ጤና ሲደርስ ወደ ቤታችን መሄዱን ትቶ ወደ እሳቸው ቤት ታጠፈ።

«መጀመሪያ ቁርስ እኛ ጋ ትቀምሳለህ» አሉኝ፣ ወደ መስኮቱ ዞረው።

«እሺ ጋሼ።»

በማለዳ ሳሎናቸው በሰው ተሞልቷል። የዕድሩ ዳኛ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉም «እንኳን ደህና መጣህ» ብለው ሳሙኝ፤ ማንም ግን ትከሻዬን ቶሎ አልለቀቀም። የአጎቴ ሚስት ቀይ ሹራብ ደርባለች፤ ከሥሩ ጥቁር ቀሚስዋ ይታያል። አላየሁም ብዬ ዓይኔን ወደ ሳህኑ መለስኩ።

ፍርፍር ነው ያቀረቡልኝ። እስክበላ ድረስ እንደማይነግሩኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ቀስ ብዬ በላሁ። ጉርሻውን አሳንሼ፣ አኝኬ፣ ውኃ ጠጥቼ፣ እንደገና። «ጨምር እንጂ» ሲሉኝ ጨመርኩ። ሞልቶ ሲቀርብልኝ ደስ አለኝ፤ ሳህኑ እስካላለቀ ድረስ እናቴ መስኮቱ ሥር ተኝታ ረዳቶቹን እየሰማች ነው።

«ባሕሩ እንዴት ነው?» አሉኝ አጎቴ። ዓይናቸው ደም መስሏል።

ነገርኳቸው። ስለ ቤቶቹ ቀለም፣ ስለ ጀልባው፣ ስለ ቢጫዋ ጃንጥላ፣ ፀሐይዋ ውኃው ውስጥ ስትገባ ድምፅ እንደሌላት። በየመሀሉ እጎርሳለሁ። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡኝ። ወሬውም ፍርፍሩም አለቀ።

«በቃኝ» አልኩ።

የአጎቴ ሚስት ማስታጠቢያ አምጥታ እጄን አስታጠበችኝ። ዳኛው ከጥጉ ተነሡ። «እንግዲህ ልጄ…» አሉ፤ ከዚያ በላይ አላስፈለጋቸውም። ቤቱ በአንድ ጊዜ ጮኸ። የጓዳው በር ተከፈተና ሥራ ገብታለች የተባለችው እህቴ ጥቁር ለብሳ ወጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«ሳያውቅ! ወንድሜ ሳያውቅ! ሳያውቅ ቀበርንበት!» እያለች ደረቷን ትመታለች።

ይህን መሸከም አልቻልኩም። ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብዬ «ቅዳሜ አውቄያለሁ፤ አውቶቡሱ ላይ፣ ስትደውዪ» አልኳት።

እጇ ቆመ። ትንሽ ገፋ አድርጋኝ ፊቴን አየችው።

«ታዲያ ለምን ማክሰኞ አልከኝ?»

ሌላው ሁሉ ያለቅስ ስለነበር ማንም አልሰማንም። የታጠበውን እጄን ተመለከትኩ፤ ገና አልደረቀም ነበር።

እስከ ዛሬ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ሰዎች ቤታችን መጥተው «ምን ታደርግ፣ አላወቅክ» ሲሉኝ እሷም እዚያው ናት። ተነሥታ እናቴ ትተኛበት የነበረውን መስኮት ትዘጋዋለች።